ጋራንቲው ስንት ኪሎ ሜትር ይደርሳል?

በገበያ ቀን መርጡለ ማርያም ላይ ጤፍ፣ ባቄላና ድንች ለመጫን ከተደረደሩት ፒክአፖች አብዛኞቹ አንድ አርማ የለጠፉ ናቸው። ቶዮታ። አንዱ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፣ ሌላው ደብል ጋቢና፣ ወዲያ ደግሞ አሮጌ የላንድክሩዘር ፒክአፕ ይቆማል። በመካከላቸው አይሱዙ ዲማክስና አንድ ሁለት የቻይና ፒክአፕ ይታያል። ባለቤቶቹን ለምን ቶዮታ እንደመረጡ ብትጠይቋቸው ከቢቸና እስከ ሞጣ መልሱ ያው ነው፦ «አያስቸግርም፤ ዕቃው አይጠፋም፤ ሲሸጥም አያከስርም።»

ይህን መልስ ለዓመታት ስሰማው ቆይቻለሁ። ዘግይቼ ልብ ያልኩት በመልሱ ውስጥ የሌለውን ነው። አንድም ሰው «ጋራንቲ አለው» ሲል ሰምቼ አላውቅም። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍሎ አዲስ መኪና ያወጣ ነጋዴ እንኳ የፋብሪካውን ዋስትና ከምክንያቶቹ አይቆጥረውም። ሻጩ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጽፈው ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ይጠፋል። የት እንደሚጠፋ ለማየት ከአርማው ታሪክ መጀመር ያስፈልጋል።

የአካባቢያችን ትልልቅ ሰዎች ከቶዮታ በፊት ላንድሮቨርን ያስታውሳሉ። በደርግ ዘመን የሶቪየቱ ኡአዝ የቢሮውም የጦሩም መኪና ነበር። ሁለቱም ጠንካራ ተብለው ተወድሰዋል፤ ዛሬ ሁለቱንም ለማስጠገን ዕቃ የሚያገኝ ጥቂት ነው። ቶዮታ ሃይሉክስን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ወኪሉ ሞኤንኮ ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሟል። የኒሳን ወኪል ኒያላ ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1973 ተከተለ። ቶዮታን ገጠር ያስገባው ግን በአብዛኛው ክፉው ዘመን ነው። በ1977ቱ ረሃብ የእርዳታ ድርጅቶች በብዛት ሲገቡ ይዘውት የመጡት መኪና ላንድክሩዘር ነበር፤ እስከ ዛሬ የምናውቀው 70 ሲሪስ የሚባለው ላንድክሩዘርም ለዓለም ገበያ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ በኅዳር 1977 ነው። እርዳታ፣ ክትባት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ምርጫ፣ አምቡላንስ፤ የገጠር ሰው ከመንግሥትም ከውጭ ሰውም ጋር በተገናኘ ቁጥር ፊት ለፊቱ የቆመው መኪና ያ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። የእርዳታ ድርጅትና የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪና የተመደበ ሾፌር አለው፣ ጉዞው በሎግ ቡክ ይመዘገባል፣ ዘይቱ በኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ ጭነቱም በአብዛኛው ሰውና ወረቀት ነው። ያ መኪና ዓመታት አገልግሎ በጨረታ ሲወጣ የገዛው የወረዳ ነጋዴ የገዛው የተጠበቀ ሞተር ነው። አሥር ዓመት ተጨማሪ ሠራለትና «ቶዮታ አይሞትም» አለ። የቻይናውን ፒክአፕ የገዛው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካፒታሉ ቀጭን የሆነ፣ ብድሩን ለመክፈል የሚጣደፍና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአቅም በላይ የሚጭን ነው። ሁለቱን መኪኖች በአንድ ሚዛን ስናስቀምጥ የምናወዳድረው ፋብሪካዎቹን ብቻ አይደለም፤ አያያዝን ከአያያዝ ጋር እናወዳድራለን። ቶዮታ ጥሩ መኪና አይደለም ማለቴ አይደለም። ጥሩ መኪና ነው። ዝናው የተገነባው ግን እኛ በማናደርግለት እንክብካቤ ላይ ነው።

አገሩ ራሱ ይፈትናል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሾፌር ጎሐ ጽዮን ላይ ሲደርስ ወደ ዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ የተመረቀውን ድልድይ ይሻገርና ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ፍሬኑ ቁልቁለቱ ላይ፣ ራዲያተሩና ፍሪሲዮኑ ዳገቱ ላይ ዋጋቸውን ያሳያሉ። ከዚያ በላይ ያለው ደጋ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋው፣ ባለቤቱም «ጉልበት አጣ» ብሎ ፖምፓ የሚያስፈታው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ብቻ ነው። የቢቸናና የደብረ ወርቅ ዙሪያ ዋልካ አፈር ለጤፍ በረከት ነው፤ ክረምት ላይ የቀበሌ መንገድ የገባ ፒክአፕ ግን እስከ ኩሽኔታው ጭቃ ይጠጣል።

ጭነቱን አንርሳ። አንድ ፒክአፕ በፋብሪካ የተፈቀደለት ጭነት አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። የመኸር ወቅት ላይ ካሶኒው ላይ ስንት ኩንታል እንደሚወጣ፣ ከኩንታሉም በላይ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ የምናውቀው እናውቀዋለን። መፍትሔ የተባለው ባሌስትራ ማስጨመር ነው። ባሌስትራው ሲጠነክር ካሶኒው አይወርድም፤ ሸክሙ ግን የትም አልሄደም፣ ወደ ሻንሲው፣ ወደ ዲፈረንሻሉና ወደ ፍሬኑ ተዛወረ እንጂ።

ሁሉንም የሚበልጠው ችግር ግን ነዳጅ ነው። አንድ ጠዋት ሞጣ መንገድ ዳር ካለ ጋራዥ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ወጣት ጥቂት ዓመት ያገለገለ፣ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ሃይሉክሱን አመጣ። መካኒኩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው። ረጅም ካቻቢቴውን አወጣ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንድ በአንድ አዳመጠ።

«አያ፣ ባሕር ዳር ኢንጀክተሩ ነው ብለውኛል» አለ ልጁ።

«የሞተውንማ ነግረውሃል» አለው። «የገደለውን እንየው።»

የናፍጣውን ፊልትሮ ፈታና በውስጡ ያለውን አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጠው። ሦስታችንም ዝም ብለን ተመለከትነው። ብዙም ሳይቆይ ፈሳሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ላዩ ቢጫ ናፍጣ፣ ሥሩ ደግሞ ሁለት ጣት የሚሞላ የደፈረሰ ውሃ። «ከጀሪካን ነው የምትቀዳው?» አለው። ልጁ መሬት መሬት እያየ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን መቆም እንዳልቻለ ነገረው። መካኒኩ አልተቆጣውም። ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ብሎን በጣቱ አሳየውና በየሳምንቱ እንዴት እንደሚፈታት አስተማረው። ያቺን ብሎን መኪናውን ሲገዛ ማንም አላሳየውም ነበር።

የዛሬ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ስፋታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች ነው የሚረጨው። የድሮው ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሞተር ቆሻሻ ናፍጣን እያጉረመረመ ይችለው ነበር፤ አዲሱ ግን በጥቂት የውሃ ጠብታ ይበላሻል። ስለዚህ «የድሮው ቶዮታ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፣ ምክንያቱ ላይ ግን ይሳሳታሉ። አዲሱ በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ እኛ ለምናጠጣው ነዳጅ ግን የተሠራ አይደለም።

ለቶዮታ ታማኝ የሆነ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። አርማው ከስህተት የጸዳ አይደለም። በአሜሪካ የታኮማና የተንድራ ፒክአፖች ሻንሲ ዝገት ክስ አስነሥቶ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ስምምነት ፈርሟል። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከ260,000 በላይ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖች በጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት ምክንያት ዋጋቸው እንደቀነሰ ወስኗል። እነዚያ ባለቤቶች ካሳ የጠየቁት መኪናቸውን ስለጠሉት አይደለም። የገዙት ነገር ከነዋስትናው መሆኑን የሚያውቅና የሚያስከብር ሕግ ስለነበራቸው ነው።

ወደ እኛ ስመለስ የአክስቴ ልጅ ታሪክ ይመጣብኛል። እህል ነጋዴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ፒክአፕ ከነጋራንቲ ወረቀቱ ገዛ፤ የመኪናውንም የሻጩንም ስም አልጠራም። ወረቀቱ እንደ ብዙዎቹ ዋስትናዎች በዓመትና በኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ በቀደመው የሚለካ ነበር። ከታች በትናንሹ ደግሞ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ በሻጩ ጋራዥ ሰርቪስ ካልተደረገ ዋስትናው እንደማይጸና ይላል። ጋራዡ አዲስ አበባ ነው። ለመጫን ደጀን፣ ለማራገፍ ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው 5,000 ኪሎ ሜትርን በሁለት ወር ይጨርሰዋል። ለአንድ ዘይት ቅያሪ አንድ ቀን መሄጃ፣ አንድ ቀን ተራ መጠበቂያ፣ አንድ ቀን መመለሻ፤ የአልጋው፣ የናፍጣው፣ የቀረው ሥራ ሲደመር የሰርቪሱን ዋጋ እጥፍ ድርብ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ሄደ። ሦስተኛውን፣ መኸር ስለነበር፣ ሞጣ ላይ ያንኑ ዓይነት ዘይትና ፊልትሮ ገዝቶ አስቀየረ።

22,000 ኪሎ ሜትር ላይ ካምቢዮው መጮህ ጀመረ። አዲስ አበባ ድረስ ወሰደው። ደብተሩ ላይ ማኅተም እንደሚጎድል፣ ባሌስትራውም ከአቅም በላይ መጫኑን እንደሚያሳይ ተነገረውና ከኪሱ ከፈለ። በሁለተኛው ነገር ላይ ሻጩ ልክ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው ላይ ግን፣ ዘይት መቀየሩን ደረሰኝ እያሳየ፣ ዘይቱ የተቀየረበት ከተማ ስም ካምቢዮን እንዴት እንደሚያስጮህ የነገረው የለም። የአቤቱታ ደብዳቤውን የጻፍኩለት እኔ ነበርኩ። መልስ አልመጣም። ቀጥሎ የገዛው አሮጌ ሃይሉክስ ነው፣ ያለ ምንም ጋራንቲ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለኝ፤ ስለ መኪናው ክፋት አልነበረም፣ የሚጠግንለትን ሰው ቤት ያውቀዋል ማለቱ ነው።

የብዙው ባለቤት ታማኝነት እንዲህ የተወለደ ይመስለኛል። ሰው አርማውን አይደለም የሚያምነው፤ ከአርማው ጀርባ በእግር የሚደረስበትን መካኒክ፣ ዕቃውን በስልክ የሚያስልክለትን ሱቅና ነገ ቢቸግረው በሳምንት ውስጥ የሚገዛውን ሰው ነው። የቻይናው ፒክአፕ ባለቤት ከዋጋው የቆጠበውን ብር የሚያጣው መኪናው በቆመበት ሳምንት ነው፤ ዕቃው እስኪመጣ ጭነቱ ለጎረቤት ይሄዳል።

ሕጉ ምን ይላል? ባዶ አይደለንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የተስማማና ከጉድለት የነጻ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድደዋል። ገዢው ደግሞ ዕቃውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ችግሩ «ሳይዘገይ» የሚለው ቃል ነው። ቦሌ የሚኖር ሰውና ከእነብሴ ሳር ምድር የሚመጣ ሰው እኩል አይፈጥኑም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ በክልላችን በነበረው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ መኪናው ደጃፍ ቆሞ የዋስትናው ቀን ይቆጠር ነበር። እኔ የምለው ግልጽ ነው፤ መንገድ የተዘጋበት ቀን በዋስትናው ጊዜ ውስጥ መቆጠር የለበትም፣ ይህም በሽያጭ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ መሠረት አምራች መኪናው በሌላ ጋራዥ ስለተጠገነ ወይም የሌላ ኩባንያ ፊልትሮ ስለገባለት ብቻ ዋስትናውን መሰረዝ አይችልም፤ ጉዳቱ በዚያ ምክንያት የደረሰ መሆኑን ማሳየት አለበት። የአክስቴን ልጅ ነገር የሚለውጥ ይህ አንድ ድንጋጌ ነበር። ለእኛ ከማንም በላይ ያስፈልገናል፤ ምክንያቱም ርቀቱ የእኛ ነው። ወኪሎቹ ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ ትልቅ ጋራዥ ይክፈቱ ማለት ላያዋጣቸው ይችላል። አንድ የታወቀ መካኒክ መርጠው፣ አሠልጥነው፣ ማኅተም ሰጥተው የዘይትና የፊልትሮ ሰርቪስ በእሱ እንዲያልፍ ማድረግ ግን የሚከብድ አይደለም።

የመለዋወጫው ነገር ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ባጭሩ ልለፈው። ምንጩ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። ቋንቋው ደግሞ የጣልያን ቅርስ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ፊልትሮ ስንል የምንናገረው አያቶቻችን ከጣልያን መካኒኮች የሰሙትን ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ የዕቃውም ዋጋ ተከትሎ ወጣ። የዚያን ጊዜ የብዙ ሰው እጅ ከኦሪጅናል ወደ ኮፒ ተዘረጋ። እዚህ ላይ ቶዮታን የሚወድ ሰው ሊያስተውል ይገባል። ብዙ የሚነዳ መኪና ብዙ አስመሳይ ዕቃ ይሠራለታል። «ዕቃው አይጠፋም» የተባለው ሃይሉክስ የኮፒ ፊልትሮና የኮፒ ፓስቲኬ የሞላበትም እሱ ነው።

ሻጭ ራሱ ሲጠፋስ? ከአሥር ዓመት በላይ ቢሆነውም የሆላንድ ካርን ነገር ያልረሱ አሉ። በኢትዮጵያ መኪና እየገጣጠመ «ዶክ»ና «አባይ» የሚል ስም ሰጥቶ የሸጠው ያ ድርጅት በኪሳራ ሲዘጋ መኪኖቹ ባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ፣ ዋስትናውን የሚጠይቁት ግን አጡ። አዲስ አርማ ለመሞከር ሰው ለምን ይፈራል ለሚሉ አስመጪዎች ይህ በቂ መልስ ነው። ታማኝነት የሚገነባው አሥረኛው ዓመት ላይ ሲደወል ስልክ በማንሣት ነው።

አሁን ነገሩ ሊለወጥ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እስከ 500 በመቶ በሚደርስ ታክስ አክብዶታል፤ በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ዛሬ አውቶሞቢል ነው፣ ነገ ፒክአፕ መሆኑ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። ያኔ ዋስትናን ችላ ማለት አይቻልም። ካምቢዮ የሞጣ መካኒክ ይፈታዋል። የባትሪ ጥቅል ግን በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የያዘ ነው፤ ያለ ሥልጠና የነካው ሰው ሊሞት ይችላል። ባትሪው ሲደክም የመኪናው ዋጋ ትልቁ ክፍል አብሮት ይሄዳል፣ ብዙ አምራቾችም ለእሱ የስምንት ዓመት ያህል ዋስትና የሚሰጡት ለዚህ ነው። ያ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ለእኛ አገር ምንም ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን ከአሁኑ ይህን የሚያስተምር ወርክሾፕ ቢከፍቱ ልጆቻችን መኪናው ሲመጣ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል።

ባለፈው መርጡለ ማርያም ሳልፍ የማውቀው ጋራዥ ውስጥ አንድ የቻይና ፒክአፕ ቆሞ አየሁ። ባለቤቱ የዘይት ፊልትሮ አጥቶ ነው የመጣው። መካኒኩ አሮጌውን ፊልትሮ በእጁ ይዞ ከመደርደሪያው ሦስት ዓይነት አወረደ፣ የጥርሱን ውፍረት በጥፍሩ እየለካ፣ የጉሚኒውን ስፋት አፍ ለአፍ እያጋጠመ ሦስቱንም መለሳቸው። «አይሆንም፤ ሲሞቅ ያፈሳል። አዲስ አበባ አስልክልሃለሁ፣ እስከዚያ አትንዳው» አለው። ከዚያ ቀጥሎ ወደቆመው ሃይሉክስ ሄዶ የጨረሰውን ዘይት ቅያሪ በማርከር በሩ ጥግ ላይ ጻፈ፤ ቀኑን፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ከሥሩም የሚመለስበትን ኪሎ ሜትር። ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ አሥራ አንድ መስመሮች ነበሩ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ጽሑፍ።